ደፍኖ መቀባት ጥገና አይደለም

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የኪራይ ቤት ፍለጋ የዞረ ሐበሻ ሁሉ የአዲስ ቀለም ሽታ ያውቃል። ተከራይ በለቀቀ ሰሞን የሕንፃው ተንከባካቢ ኬርቴከሩ ፉንዲ፣ ማለትም የእጅ ባለሙያ፣ ይጠራል፤ ፉንዲው ስቱኮውን ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል፣ የተሰነጠቀውን ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ነጭ ቀለም ይደርብበታል። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ይህ ነውር የለውም፤ ንጹሕ ግድግዳ ማን ይጠላል? ያው ፉንዲ ያንኑ ስቱኮ ይዞ ወደ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ወርዶ ኮለንና ቢም ሲደፍን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ስንጥቁ የልስን ነው፤ ሞልተህ ቀባው፣ ያልቅለታል።» ይህን ከአከራይ ሰምቻለሁ፣ ከደላላ ሰምቻለሁ፣ አዲስ አበባ ሳይት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ ከሚል የአገር ልጅም ሰምቻለሁ። የናይሮቢ ሰው ደግሞ ለዚህ የሚጠቅሰው የስዋሂሊ ተረት አለው፦ «ኡሲፖዚባ ኡፋ፣ ኡታጄንጋ ኡኩታ»፤ ስንጥቁን ካልደፈንህ ግድግዳውን እንደ አዲስ ትገነባለህ። ተረቱ ጥፋትን ሳያድግ ማረም እንደሚገባ የሚመክር ነው፣ ምክሩም መልካም ነው። የሕንፃ ጥገና መመሪያ ተደርጎ ሲወሰድ ግን ሰው ያስጎዳል።

እዚሁ ሰፈር፣ የሐበሻ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩበት አንድ ሕንፃ፣ ከመኪና ማቆሚያው ቢሞች አንዱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ሰያፍ ስንጥቅ ወጣበት። ተከራዮች ለአስተዳደሩ አመለከቱ። የተላከላቸው ቀለም ቀቢ ነበር። በተከታዩ የዝናብ ወቅት ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ተደፈነ። በመጨረሻ ነዋሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መሐንዲስ ሲያስመጡ ሰውዬው መጀመሪያ የጠየቃቸው «መቼ ጀመረ? እየሰፋ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል?» ብሎ ነው። የሚመልስለት አልተገኘም። ማስረጃው በስቱኮ ሥር ተቀብሯል። ቢሙን በፑንቴሎ አስደግፎ፣ መኪኖቹን ከአካባቢው አስነሥቶ፣ ልስኑን በመሮ ማስፈልፈል ግድ ሆነበት። በእርሳስና በማስመሪያ ቀድሞ ሊታወቅ ይችል የነበረውን ነገር ለማወቅ ሰዎቹ ብዙ ገንዘብ አወጡ፤ ልጆቻቸውን ከዚያ ቢም በላይ እያስተኙ በስጋት ያሳለፉት ጊዜ ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

«የልስን ነው» የሚለው እምነት ከምንም የተነሣ ነው አልልም። አብዛኛው ስንጥቅ እውነትም አያሰጋም። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው፤ መሳብን የሚቋቋምበት አቅም መጫንን ከሚቋቋምበት አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው። ፌሮ የሚገባበትም ለዚህ ነው። ቢም ሸክም ተሸክሞ በጥቂቱ ሲጎብጥ የታችኛው ጎኑ ይሳባል፣ ኮንክሪቱ በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል፣ የመሳቡን ኃይል ፌሮው ይረከባል። ንድፍ አውጪው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ የአውሮፓ የግንባታ ደንብ ለተለመደ አርማታ እስከ 0.3 ሚሊሜትር የሚሰፋ ስንጥቅን ይፈቅዳል። ልስንም ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ፊቱ ላይ እንደ መረብ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ኪሊማኒ ያሉት ፎቆች አብዛኞቹ የኮንክሪት አጽም ቆሞላቸው ክፍተቱ በተጠረበ ግራጫ ድንጋይ የተሞላ ነው። ድንጋዩና ኮንክሪቱ ለሙቀትና ለእርጥበት እኩል ስለማይለጠጡ በመገናኛቸው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። አዲስ አበባ በብሎኬት የተሞሉት ሕንፃዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። እንዲህ ያለውን በሽቦ መረብ ይዞ እንደገና መለሰን ይበቃዋል። ስንጥቅ ባየ ቁጥር ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰውም ልክ አይደለም።

መድፈንም በቦታው ተገቢ ሥራ ነው። የስንጥቁ ምክንያት ታውቆ፣ እንቅስቃሴውም ከቆመ በኋላ፣ ውሃ ወደ ፌሮው እንዳይዘልቅ አፉ ይዘጋል። ሸክም የሚሸከም አካል ከሆነ ደግሞ ኤፖክሲ በግፊት እንዲገባበት ይደረጋል። የእኔ ጠብ ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። ያልታወቀን ነገር መሸፈን ጥገና አይባልም።

ስንጥቅ የሚወጣው በዘፈቀደ አይደለም። ኮንክሪት የሚሰነጠቀው ከሳበው ኃይል አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ ስለሆነ መስመሩ ራሱ ምን ዓይነት ኃይል እንደሠራበት ይናገራል። ከቢም መሐል ከሥር ተነሥቶ ሽቅብ የወጣ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የመጉበጥ ምልክት ነው፤ ሳይሰፋ ከቆመ አያስጨንቅም። ቢሙ ኮለን አጠገብ በሰያፍ ከተሰነጠቀ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ጉዳት ረጅም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊሰበር የሚችል ነው። ሶሌታ (የወለል አርማታ) ላይ ኮለኑን ከብቦ የሚዞር ስንጥቅ ኮለኑ ሶሌታውን ሊበሳው መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ኮለን ላይ ቁልቁል የሚወርድ ስንጥቅ፣ በተለይ ጠርዙ ከተፈረፈረ፣ ኮለኑ ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ ይጠቁማል። በድንጋይ ግድግዳ ላይ መጋጠሚያውን እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመሠረቱ ነው። ፌሮው በሚሄድበት መስመር ቀጥ ብሎ የወጣና ቡናማ እድፍ ያለበት ከሆነ ፌሮው እየዛገ ነው፤ ዝገት ከመጀመሪያው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል።

ይህን ሁሉ ስቱኮ በግማሽ ቀን ያጠፋዋል። አቅጣጫው ይጠፋል፣ እድፉ ይጠፋል፣ መጠኑና እድሜው ይጠፋል። ከዚህ የሚከፋው መሣሪያንም ማሳሳቱ ነው። የብረት ስንጥቅ የሚፈልጉ ቴክኒሻኖች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቦሌ በአየር መንገዳችን ሃንጋር የሚሠራም ሆነ ሌላ አገር ያለ የአውሮፕላን ቴክኒሻን በቀለም ሰርጎ ፍተሻ ስንጥቅ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያደርገው የብረቱን ፊት ከቀለምና ከቅባት ማጽዳት ነው። ከዚያ ደማቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ይጠብቃል፣ ላዩን ይጠርገዋል፣ በመጨረሻም ነጭ ዱቄት ይነሰንስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ወደ ዱቄቱ ወጥቶ መስመሩን ያሳያል። የስንጥቁ አፍ በቀለም ወይም በቆሻሻ ከተደፈነ ፈሳሹ አይገባም፤ ብረቱም ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ኮንክሪት ላይ ዘዴው ይለያል እንጂ መርሁ አይለይም፤ የመጀመሪያውና ዋነኛው መሣሪያ ዓይን ነውና።

እኛ ኢትዮጵያውያን የመሸፈንን ጉዳት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በተሰነጠቀና ውሃ በሚያሰርግ ዐለት ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው። ባለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ በተደረገ ጥገና ከግድግዳዎቹ የተወሰኑት ሬንጅ ተቀብተው ቀይ ቀለም ተደረበባቸው። ሐሳቡ ውሃ መከላከል ነበር፤ ሽፋኑ ግን እርጥበቱን ውስጥ አቆየው፣ ዐለቱንም ከዓይን ሰወረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመራው የጥገና ቡድን ከሥራዎቹ አንዱ ይህን ሽፋን ማንሣት ነበር። የቀቡት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። ኪሊማኒ ያለው ፉንዲም ክፉ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። እኔ የምቆጣው በሚያዘው ላይ ነው።

«የልስን ነው» የሚለው ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዳካ አጠገብ በምትገኘው ሳቫር ነው። ሚያዝያ 23 ቀን ራና ፕላዛ በተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ ትልልቅ ስንጥቆች ታዩ። የተጠራው መሐንዲስ አይቶ ሕንፃው አያስተማምንም አለ፤ ሰዎቹም እንዲወጡ ተደረገ። የሕንፃው ባለቤት ግን ጉዳዩ ከልስን እንደማያልፍ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በማግሥቱ ታችኛው ፎቅ ላይ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አላስገባም። የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞቻቸውን አስገቡ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ላይኛው ፎቅ ያሉት ጄነሬተሮች ሲነሡ ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ ታይቷል፣ ባለሙያ መስክሯል፣ አንድ ሙሉ ሌሊትም ነበር። የሞቱት ስንጥቁን የሚያገኝ መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም።

ሴኡል ውስጥ ሳምፑንግ የተባለው የገበያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1995 ሲወድቅም በዚያው ቀን ጠዋት ላይኛው ፎቅ ስንጥቁ ጎልቶ ታይቶ ነበር። አስተዳደሩ ላይኛውን ፎቅ ዘግቶ ከሥር ገበያውን አላቋረጠም፤ 502 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ከነበሩት ስሕተቶች አንዱ በንድፍ ያልታሰበ ክብደት ጣሪያው ላይ መጫኑ ነው፦ ግዙፍ የአየር ማቀዝቀዣዎች ወጥተውበት፣ ኋላም በጣሪያው ላይ እየተጎተቱ ቦታ ተቀይሮላቸው ነበር። ይህን የማነሣው ናይሮቢ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ በመሆኗ ሕንፃዎቻችን ጣሪያቸው ላይ ታንከር ስለሚደረድሩ ነው። 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ይመዝናል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ታንከር የተጨመረበት ሰው ከሥሩ ያለው ሶሌታ ላይ አዲስ መስመር መውጣት አለመውጣቱን ቢያይ ጥሩ ነው።

እዚሁ ናይሮቢ፣ ሁሩማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ሌሊት በከባድ ዝናብ የወደቀው የመኖሪያ ፎቅ 50 ያህል ሰዎችን ገድሏል። ሕንፃው እንዲፈርስ ቀደም ሲል ምልክት ተደርጎበት ነበር። ሰዎች የቆዩበት ኪራዩ ርካሽ ስለነበረና ሌላ መሄጃ ስላልነበራቸው ነው፤ ይህን ሳያስቡ «ለምን አልወጡም?» ማለት ይቀላል። ኪሊማኒ የምንኖር ሰዎች ግን አብዛኞቻችን ለመጠየቅም ለመዛወርም ከእነሱ የተሻለ አቅም አለን። ስለዚህ ዝም ስንል ሰበባችን ያንሳል።

እንግዲህ ስንጥቅ ያየ ተከራይ ወይም ባለቤት ምን ያድርግ? ከመደፈኑ በፊት ይመዝግበው። ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር ያሥምርና ቀኑን ይጻፍበት። አጠገቡ ማስመሪያ ይዞ ፎቶ ያንሣው። በሁለቱ ወገን አንድ አንድ ቡሎን ቢያስመታና በመሐላቸው ያለውን ርቀት በካሊፐር በየጊዜው ቢለካ ደግሞ ከግምት ይወጣል። ሙቀት ኮንክሪቱን ስለሚያላውሰው የሚለካበት ሰዓት አንድ ዓይነት ይሁን። የናይሮቢ ዝናብ ሁለት ነው፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። አስቸኳይ ምልክት ከሌለ ክትትሉ ቢያንስ አንድ ዝናብና አንድ በጋ ይይዝ። በበጋ እየሰፋ በዝናብ የሚጠብብ ስንጥቅ ከሥሩ ያለውን አፈር ያስጠረጥራል፤ በናይሮቢ ምሥራቅና ደቡብ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ እኛ አገር ኮትቻ የምንለው ዓይነት፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ በላዩ ያረፈውን ቀላል ቤትም እንዲሁ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ኪሊማኒ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ግቢና ዛፍ የነበራቸው ቪላዎች እየፈረሱ በቦታቸው ከሥር መኪና ማቆሚያ ያላቸው ፎቆች ይቆፈራሉ። ጥልቅ ጉድጓድ አጠገብ ያለ አፈር ወደ ጉድጓዱ መሸሽ ይፈልጋል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ በወቅቱ ካልተደገፈ ከጎን ያለው ቤት አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጎረቤት «ቁፋሯችሁ ሰነጠቀብኝ» ይላል፣ ቆፋሪው «ድሮም የተሰነጠቀ ነው» ይላል፣ ቀን የተጻፈበት ፎቶ ከሌለ ሁለቱም ሲካሰሱ ይኖራሉ። አጠገባችሁ አጥር በቆርቆሮ ሲታጠር ካያችሁ ኤክስካቫተሩ ሳይገባ የቤታችሁን ግድግዳ ሁሉ ፎቶ አንሡ።

ለክትትል ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ኮለን ሲፈረፈር፣ ፌሮው ወደ ውጭ ሲጎብጥ፣ ሰያፉ ስንጥቅ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰፋ፣ ሲዘጋ የኖረ በር ድንገት አልዘጋ ሲል፣ ከግድግዳና ከሶሌታ የመሰበር ድምፅ ሲሰማ፣ መጀመሪያ ሰው ይውጣ። መሐንዲስ የሚጠራው ከውጭ ሆኖ ነው። ሲጠራም በኬንያ መሐንዲሶች ቦርድ የተመዘገበ መሆኑ ይረጋገጥ። በስልክ የተላከለትን ፎቶ አይቶ «አትስጉ፣ ልስን ነው» የሚል ሰው መሐንዲስም ቢሆን ምክሩን አትቀበሉት። ልስን ይሁን አይሁን የሚታወቀው ልስኑ በጥቂቱ ተነሥቶ መስመሩ ኮንክሪቱ ላይ መቀጠል አለመቀጠሉ ሲታይ ብቻ ነው። ይህን ለማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ይበቃል። ያን ያህል እንኳ ሳይደረግ የሰውን ቤተሰብ ሥጋት በአንድ ቃል ማጣጣል ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አይገባኝም።

የቀሩት እምነቶች ከዚህ ያነሰ ጉዳት ስላላቸው ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ቀጭን ስንጥቅ ምንም አይደለም፣ ሰፊ ነው የሚያስፈራው።» ስፋት አንዱ መለኪያ ነው፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። በሁለት ኮለኖች መሐል ያለ የሙሌት ግድግዳ 3 ሚሊሜትር ተሰንጥቆ ሕንፃውን ላይነካው ይችላል። በቢም ጫፍ ላይ ያለ ፀጉር የሚያህል ሰያፍ መስመር ግን በዚያው ቀን ባለሙያ ሊያስጠራ የሚገባው ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የት ነው የሚለው ነው፣ ከዚያ ወዴት ይሄዳል፣ ከዚያ ያድጋል ወይ፤ ስፋቱ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

«መስታወት ለጥፍበት፤ ካልተሰበረ ደኅና ነው።» ይህ የድሮ ግንበኞች ዘዴ ነው፤ አልንቀውም። ስንጥቁን አሻግሮ የተለጠፈ ቀጭን መስታወት ከተሰበረ እንቅስቃሴ መኖሩን ያሳያል። አለመሰበሩ ግን ብዙ አይነግረንም፤ ማጣበቂያው ለቅቆ ሊሆን ይችላል፣ የተለጠፈውም ልስኑ ላይ እንጂ ኮንክሪቱ ላይ ላይሆን ይችላል። ቢሰበርም ምን ያህልና ወዴት እንደተንቀሳቀሰ አይናገርም። ሚሊሜትር የተሠመረባቸው ሁለት ተደራራቢ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ያሉት መለኪያ ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ሁለቱንም ያሳያል።

«በመዶሻ ማንኳኳት ኋላ ቀርነት ነው።» አይደለም። ዛሬም ድልድይ የሚመረምሩ መሐንዲሶች ያንኳኳሉ። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ከውስጥ የተላቀቀው የታፈነና ባዶ ዓይነት ድምፅ አለው። የሠለጠነ ጆሮ በአንድ ቀን ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ሊዳስስ ይችላል። የሚያገኘው ግን ለላዩ ቅርብ የሆነውን ጉዳት ነው፤ ጥልቁን አይደርስበትም።

«ማይ ማሂዩ ላይ መሬት የተሰነጠቀው አፍሪካ ለሁለት ስለምትከፈል ነው።» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከናይሮቢ ብዙ ሳይርቅ መንገድ የቆረጠው ገደል መሰል ስንጥቅ በዓለም ሁሉ ፎቶው ሲዞር የነበረው በዚህ ታሪክ ነው። ስምጥ ሸለቆው እውነትም እየሰፋ ነው፤ ነገር ግን በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር ነው። ብዙ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ማይ ማሂዩ ላይ ያዩት የከባድ ዝናብ ጎርፍ ልል የሆነውን የእሳተ ገሞራ አመድና አፈር ከሥር አጥቦ ያወጣውን ጉድጓድ ነው፤ ከሥሩ የቆየ ስብራት መኖር አለመኖሩ ላይ ግን አልተስማሙም። መሬት በእርግጥ ሲከፈት ማየት የሚፈልግ የአፋርን ታሪክ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ገብቶ ወደ 60 ኪሎሜትር በሚጠጋ ርዝመት መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ይህ የተለካው በሳተላይት ራዳር ነው።

«ሽሚት ሐመር ስንጥቅ ያገኛል።» ይህን ከደላላ እስከ ሕንፃ ባለቤት ሲሉት ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰው ብዕር የሚመስል ወፍራም መሣሪያ ኮለን ላይ ሲጫን ካዩ ሕንፃው የተመረመረ ይመስላቸዋል። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራው ስዊሳዊው መሐንዲስ ኧርንስት ሽሚት ነው። ስፕሪንግ የሚያስወነጭፈው ክብደት ኮንክሪቱን መትቶ ምን ያህል እንደሚነጥር ይለካል፤ ከዚያ የላዩ ጥንካሬ ይገመታል። ከዚያ በላይ አይደለም። ከጥቂት ሴንቲሜትር በታች ያለውን አያውቅም፣ ልስን ላይ ሲጫን ደግሞ የሚያወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። ያረጀ ኮንክሪት ፊቱ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠጥር ከውስጡ የበለጠ ብርቱ ሆኖ ሊያሳየው ይችላል። ውስጡን ለማየት የተሻለው አልትራሳውንድ ነው፦ ድምፅ ከአንዱ ወገን ተልኮ በሌላው ይደመጣል። በጥሩ ኮንክሪት ውስጥ በሰከንድ ከ4 ኪሎሜትር በላይ ይጓዛል፤ ስንጥቅ ከገጠመው ዞሮ ስለሚሄድ ይዘገያል። ይህም ጉድለት አለው፤ ስንጥቁ ውሃ ከሞላው ድምፁ በውሃው አልፎ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ በከባድ ዝናብ ማግሥት የተወሰደ ልኬት በጥንቃቄ ይታይ።

የመጨረሻው «በመሣሪያ ታይቷል፣ ምንም የለበትም» የሚለው ነው። ማንኛውም የፍተሻ ዘዴ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ያለውንም አንዳንዴ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ የተከሰከሰው የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ 10 አውሮፕላን ከተሳፈሩት 296 ሰዎች 112ቱን ያጣው ከሞተሮቹ በአንዱ ውስጥ የነበረ የቲታንየም ዲስክ ተሰንጥቆ ስለተበተነ ነው። ዲስኩ ከዚያ ቀደም በቀለም ሰርጎ ፍተሻ አልፎ ነበር። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ስንጥቁ በፍተሻው ጊዜ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ርዝመት ነበረው፤ መታየት ይችል ነበር፣ አልታየም። የአቪዬሽን ዓለም ከዚህ በኋላ አንድ ፍተሻ እንደማይበቃና ቀጣዩ ፍተሻ ስንጥቁ አደገኛ መጠን ሳይደርስ መምጣት እንዳለበት አጥብቆ ይዟል።

ለሕንፃም ያው ነው። መሐንዲሱ ሪፖርት ሲሰጣችሁ «ደኅና ነው» የሚለውን ገጽ ብቻ አታንብቡ። የትኞቹ ኮለኖችና ቢሞች ልስናቸው ተነሥቶ እንደታየ፣ የትኞቹ ጭራሽ እንዳልታዩ፣ መሠረቱ ተቆፍሮ ይሁን በግምት የታለፈ፣ በምን መሣሪያና በየትኛው ወር እንደተለካ፣ እንደገናም መቼ መታየት እንዳለበት በጽሑፍ ይኑር። ይህ ከሌለው ክፍያውን ሳትጨርሱ አስጽፉት፤ ጽሑፉ በእጃችሁ እስኪገባም አስተዳደሩ ቀለም ቀቢውን ወደ መኪና ማቆሚያው እንዳያወርድ በደብዳቤ አሳውቁ።